«ፎርማት ይደረግ» የሚለው ፍርድ ለነጋዴው ውድ ነው

በፈረንጆች አቆጣጠር የየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ለአዲስ አበባ ነጋዴ የተለየች ቀን አይደለችም። የቡና ዋጋም ሆነ የዶላር ተመን በእርሷ ምክንያት አይለወጥም። ይሁን እንጂ ከቦሌ ኤርፖርት ካርጎ አንስቶ እስከ ሩዋንዳ፣ ከፍሬንድሺፕ እስከ ገርጂ ለተደረደሩት የአስመጪ፣ የላኪና የትራንዚት ቢሮዎች ቀኗ ልትታወቅ ይገባታል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ወርኃዊ የደኅንነት አፕዴት የሚለቀው በዚያች ዕለት ነውና። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲል በኢትዮጵያ እንደየወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። ቢሮው ተዘግቶ ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ካደረ አፕዴቱ በሌሊት ሊወርድ ይችላል፤ ረቡዕ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ማሽኑ ራሱን አጥፍቶና አብርቶ ይጠብቃል።

ጸሐፊዋ ጠዋት ስትገባ ዊንዶውስ ተከፍቷል፤ ዎርድ ይሠራል፤ ኢንተርኔትም አለ። ፒችትሪ ግን አልከፈት ይላል። ወይም ፕሪንተሩ ዝም ይላል። አለዚያም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከኮምፒዩተሩ ጋር አልናበብ ይላል። ጠጋኝ ይጠራል። መጥቶ ሁለት ጊዜ ሪስታርት ያደርግና በከተማው ሁሉ የታወቀውን ፍርድ ይሰጣል፦ «ፎርማት መደረግ አለበት።»

በዚህ ፍርድ ብዙ ገንዘብ ባክኗል፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሂሳብ መዝገብ ጠፍቷል። ከአፕዴት በኋላ የሚመጣው የዚህ ዓይነቱ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ስለሞተ አይደለም። በማሽኑ ውስጥ ካሉት አገልጋዮች አንዱ ጠዋት ስላልተነሳ ነው። አንድ ሠራተኛ ከሥራ ስለቀረ መጋዘኑን ከነግድግዳው አፍርሶ እንደገና የሚሠራ ነጋዴ የለም። በኮምፒዩተር ሲሆን ግን ይኸው ይደረጋል፤ ያውም ተከፍሎበት።

ጠዋት የሚነሱት አገልጋዮች

ነገሩ ወዲህ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ በስክሪኑ ላይ ከሚታዩት ፕሮግራሞች በስተጀርባ በርካታ የማይታዩ ፕሮግራሞችን ያስነሳል። ባለሙያዎቹ «ሰርቪስ» ይሏቸዋል። ለፕሪንተሩ የሚታተመውን ወረቀት ወረፋ የሚያስይዘው «ስፑለር» አንዱ ነው። በኋለኞቹ የፒችትሪ እትሞች ደግሞ የሂሳቡን መረጃ ከዲስክ እያወጣ የሚያቀብለው ፐርቬሲቭ የተባለ የዳታቤዝ ሰርቪስ አለ። ፒችትሪን የሚያመርተው ሴጅ የተባለው ኩባንያ ስሙን ከለወጠው ዓመታት ቢያልፉም በአዲስ አበባ ግን ስሙ ያው ፒችትሪ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ሲወጣም «ፒችትሪ የሚችል» ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። በየቀኑ ከሚጠቀሙበት ሰዎች መካከል ግን ፐርቬሲቭ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ፒችትሪ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ፐርቬሲቭ ካልተነሳ መዝገቡ አይከፈትም።

እነዚህን ሰርቪሶች በየተራ የሚቀሰቅስ አንድ አለቃ በዊንዶውስ ውስጥ አለ። አለቃው ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ በተለምዶ 30 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ «አለሁ» ያላለውን እንደቀረ ቆጥሮ ይመዘግበውና ወደ ሌላው ያልፋል። አፕዴት በተጫነ ማግሥት ደግሞ ማሽኑ በጀርባው ብዙ ሥራ ስላለበት ይንቀራፈፋል፤ ሃርድ ዲስኩ የቀድሞው ተሽከርካሪ ዓይነት ከሆነ የባሰ ነው። ስለዚህ በ40 ሰከንድ ሊደርስ የነበረው ጤነኛ ሰርቪስ በር ይዘጋበታል። ሰርቪሱን በእጅ ለማስነሳት ሲሞከር የሚወጣው የስሕተት ቁጥር 1053 ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። መድኃኒቱም አንዳንድ ጊዜ የሚያስቅ ነው፦ ማሽኑ እስኪረጋጋ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ መመለስና ሰርቪሱን እንደገና ማስነሳት። ችግሩ በየጠዋቱ ከተደጋገመ ያ ሰርቪስ ዘግይቶ እንዲነሳ ማዘዝ ይቻላል፤ እንዲህ የታዘዘው ሌሎቹ ከተነሱ ከ2 ደቂቃ ያህል በኋላ ይቀሰቀሳል። ይህን ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ቁጥሩ 1068 ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዱ ሰርቪስ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ የታችኛው ሳይነሳ የላይኛው ሊነሳ አይችልም ማለት ነው። የቦሌ ትራንዚተር ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስልም። ዲክላራሲዮኑ ተሞልቶ ቀረጡ ካልተከፈለ ዕቃው ከመጋዘን አይወጣም፤ በር ላይ የቆመውን የአይሱዙ ሹፌር መስደብ ዋጋ የለውም። ፐርቬሲቭን አጥፍቶ እንደገና የሚጭን ጠጋኝ ግን ሹፌሩን እየሰደበ ነው፤ የቀረው ሌላ ሆኖ ሳለ።

ከሁሉም ይልቅ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው 1069 ነው። ሰርቪሱ በአንድ ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚሠራ ሆኖ ሳለ የይለፍ ቃሉ ተለውጧል ማለት ነው። ከሦስት ወር በፊት የወጣ የሂሳብ ሠራተኛ ይኖራል፤ ሥራ አስኪያጁም ጥንቃቄ ብሎ የይለፍ ቃሉን ቀይሯል። ሰርቪሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስላልጠፋ በአሮጌው ፈቃድ ሲሠራ ከርሟል። አፕዴቱ መጥቶ ማሽኑን ሪስታርት ሲያደርገው ነገሩ ይፋ ወጣ። ሁሉም አፕዴቱን ይረግማል፤ አፕዴቱ ግን ያደረገው ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው። ለወራት ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒዩተር በውስጡ ምን እንዳከማቸ የሚታወቀው በጠፋ ቀን ነው።

አፕዴቱ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ እንዳለ መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2021 በስፑለሩ ላይ አደገኛ ቀዳዳ ተገኝቶ ማይክሮሶፍት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት የፈረንጅ ወራት ያወጣቸው ማስተካከያዎች፣ አንድ ፕሪንተር በኔትዎርክ የሚጋሩ ቢሮዎችን በየአገሩ ከማተም አግደዋቸው ነበር። እንዲሁም አፕዴቱ የቢሮውን ኔትዎርክ እንደ ማያውቀው የሕዝብ ኔትዎርክ ከቆጠረው ፋየርዎሉ በሩን ይዘጋና ሌሎቹ ማሽኖች መዝገቡ ያለበትን ኮምፒዩተር ማየት ያቅታቸዋል። ለሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውም ቢሆን የኬብሉ መስመር ቁጥር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ፎርማት የሚያስደርግ አይደለም።

ፍላሽ ላይ የማይገኘው መዝገብ

ጠጋኙ ፎርማት ከማድረጉ በፊት «ባክአፕ ይዣለሁ» ይላል፤ ነጋዴውም ይረጋጋል። የተያዘው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዴስክቶፑና የዶክመንት ማህደሩ ሆኖ ይገኛል። ፒችትሪ የኩባንያውን ሂሳብ የሚያስቀምጠው እዚያ አይደለም፤ ሲጫን በተመረጠለት ሌላ ማህደር ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው በሚጠረገው የሲ ድራይቭ ላይ ነው። ስለዚህ የልደት ፎቶግራፉና የቅጥር ደብዳቤው ይተርፋል፤ የሦስት ዓመት ደረሰኝ፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሂሳብ ዝርዝር ግን ከዲስኩ ጋር ይጠረጋል። ገቢዎች ደግሞ በዚህ አይረታም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ የሂሳብ ሰነዱን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል፤ «ኮምፒዩተሬ ፎርማት ተደረገ» የሚለው ቃል ግምታዊ የግብር ውሳኔን ለመመለስ የሚበቃ መከላከያ አይሆንም።

ሁለተኛው ኪሳራ ብዙም አይወራለትም። ዊንዶውስ የትኛው ሰርቪስ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደቀረና በምን የስሕተት ቁጥር እንደቀረ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መዝገቡ «ኢቬንት ቪወር» ይባላል፤ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። ፎርማት ማድረግ ይህንን ምስክር ከነቃሉ መቅበር ነው። መንስኤው ስላልታወቀም ችግሩ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል፤ ጠጋኙም አብሮ ይመለሳል።

መዝገብ ያለው ተቋም ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ያልሰማ የለም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ መንስኤውም ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገልጿል። በዚያች ሌሊት ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰማና ተማሪው በየኤቲኤሙ ተሰለፈ። በማግሥቱ ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ ወጣ ተብሎ ተወራ። ባንኩ መጀመሪያ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ዝውውር ቆጥሮ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን አስታወቀ። መጋቢት ወር ሳያልቅም ከሦስት አራተኛው በላይ መመለሱን ተናገረ፤ ባልመለሱት ላይም የስም ዝርዝር እስከ ማውጣት ደረሰ። ይህን ሁሉ ያደረገው መዝገቡ ስላልጠፋ ነው። ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ነበራቸው። የትንሹ ነጋዴ ማሽንም በአቅሙ ያንኑ መልስ ይዟል።

አፕዴቱን መዝጋትስ?

ሁለት ጊዜ ፎርማት የተደረገበት ነጋዴ በሦስተኛው «አፕዴት የሚባለው ነገር ጨርሶ ይጥፋልኝ» ይላል፤ ጠጋኙም ያጠፋለታል። ሐሳቡ የሚገባ ነው፤ ግን ከፎርማቱ የባሰ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለትም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መለሱ። ከተቆለፉት ውስጥ እጅግ የሚበዙት አፕዴቱ ያልተጫነባቸው ነበሩ። በመሠረቱ ሕጋዊ ፈቃድ በሌለው ዊንዶውስ የሚሠራ ቢሮ አፕዴትን የሚፈራው በሌላ ምክንያት ነው፤ እርሱ የራሱን ሂሳብ ያውቀዋል። በዊንዶውስ 10 የቀሩ ማሽኖች ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛው ድጋፍ እንዳበቃባቸው ማወቅ አለባቸው።

በሌላ በኩል አፕዴትን እንደመጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ በየማሽኑ ላይ መጫንም ዋጋ አስከፍሏል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ፣ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከማለዳው 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። 78 ደቂቃ ቆይቶ ሰበሰበው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽኖች ተነስተው ወዲያው የሚወድቁ ሆኑ፤ ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሳ ነበርና። በየአገሩ የአውሮፕላን ማረፊያዎች የመንገደኛ ወረፋ መንገድ ዘጋ፤ ዴልታ አየር መንገድ ብቻ በ5 ቀናት ውስጥ 7,000 ያህል በረራዎችን ሰረዘ። ይህን ያህል ጥፋት ሆኖም መድኃኒቱ ፎርማት አልነበረም። ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያቺን አንድ ፋይል ማጥፋት በቂ ነበር። አድካሚ የሆነው በየማሽኑ ዘንድ ሰው መሄድ ስላለበት ነው።

ከሁለቱ መካከል የሚሄድ መንገድ አለ፤ ወጪውም ቀላል ነው። ዊንዶውስ አፕዴትን እስከ 5 ሳምንት ድረስ ማቆየት ይፈቅዳል። አምስት ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ አፕዴቱን መጀመሪያ ብዙ ሥራ በሌለበት በአንዱ ላይ ይጫነው። ያ ማሽን ለጥቂት ቀናት ሪስታርት እየተደረገ ፒችትሪውም ፕሪንተሩም ከሠራ ሌሎቹ ይከተላሉ። መዝገቡ ያለበት ዋናው ማሽን የመጨረሻው ይሁን፤ እርሱም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባክአፕ ከተወሰደና ባክአፑ የተያዘበት ዲስክ ከማሽኑ ከተነቀለ በኋላ። ዩፒኤሱም ባትሪው መሥራቱ ይታይ። አፕዴቱ በግማሽ ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ማሽን በእርግጥም ፎርማት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ዲስኩ መሞት የጀመረም እንዲሁ። ፎርማት ሙሉ በሙሉ የተወገዘ ነገር አይደለም፤ የሚቃወሙት ከምርመራ በፊት ሲታዘዝ ነው።

ካርጎ አይጠብቅም

ይህ ሁሉ በቦሌ አካባቢ የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የካርጎ ተርሚናል ከነባሩ ጋር ሲደመር በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ያህል የማስተናገድ አቅም እንደተፈጠረ ተነግሯል። አበባው ከእርሻ ተነስቶ በማቀዝቀዣ መኪና መጥቶ ሌሊት ይጫናል፤ በማግሥቱ አውሮፓ ገበያ ላይ መሆን አለበት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የገቢና የወጪ ፈቃድ በአንድ መስኮት አገልግሎት በኤሌክትሮኒክስ መስተናገድ ጀምሯል። ስለዚህ የትራንዚተሩ ኮምፒዩተር እንደ ቀድሞው ደብዳቤ መጻፊያ ብቻ ሳይሆን የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ሆኗል። ማሽኑ ለፎርማት ግማሽ ቀን ሲተኛ፣ ከዚያም የፒችትሪው ሲዲ ሲፈለግ፣ የፈቃድ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ሲታሰስ አንድ ተኩል ቀን ይሄዳል። የመጋዘን ኪራይ ግን ይቆጥራል፤ አበባም ይጠወልጋል።

ጠጋኙን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ፎርማትን ገበያ ያደረገው ራሱ ነጋዴው ነው። ወጣቱ ጠጋኝ በአሥር ደቂቃ የስሕተት ቁጥሩን አንብቦ፣ ሰርቪሱን አስነስቶ ሂሳብ ሲጠይቅ «ምን ሠራህና ነው?» ይባላል። ማሽኑን አቅፎ ወስዶ በማግሥቱ ሲመልሰው ግን ሳይከራከሩ ይከፍሉታል። የሚታይ ድካም ይከፈልበታል፤ ዕውቀት ግን እንደ ውለታ ይቆጠራል። ይኸው ነጋዴ ሐኪም ቤት ሲሄድ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የካርድና የምርመራ ከፍሎ ይገባል፤ ሐኪሙ «ደህና ነህ» ብሎ ቢመልሰው ገንዘቤን መልስ አይልም። በኮምፒዩተር ጥገናም የምርመራ ዋጋ ለብቻው ተቆርጦ፣ ፎርማት ተደረገም አልተደረገ የሚከፈል ቢሆን ጠጋኙ ማሽኑን ለመጠረግ የሚቸኩልበት ምክንያት አይኖረውም።

ጉዳዩ ባለገንዘቡንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አክሲዮን ለሕዝብ አቀርባለሁ የሚል ኩባንያ የዓመታት የተመረመረ ሂሳብ እንዲያሳይ ይጠበቃል። በአንድ የቤተሰብ አስመጪ ድርጅት ላይ ድርሻ ለመግዛት የሚደራደር ሰው ስለ መጋዘኑና ስለ መኪናው እንደሚጠይቅ ሁሉ መዝገቡ በየትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጠ፣ የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደተወሰደና አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ ተሞክሮ እንደሆነ ቢጠይቅ አያሳፍረውም። ደላላው ይህን ቀድሞ ይዞ ቢቀርብ ለኮሚሽኑም ይበጀዋል።

ከጠጋኙ ጋር የሚደረገው ስምምነት ረጅም መሆን የለበትም። የቆመው ሰርቪስ ስምና የስሕተቱ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይሰጥ፤ የፒችትሪው የኩባንያ ማህደር ተገልብጦ በሌላ ማሽን ላይ መከፈቱ በዓይን ይታይ፤ ፎርማት የሚደረገው ሥራ አስኪያጁ ከፈረመ በኋላ ብቻ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ዊንዶውስን ወደ አዲስ እትም በሚያሻግረው ትልቁ እድሳት ጊዜ የቀድሞው እትም በዲስኩ ላይ የሚቆየው ለ10 ቀናት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ፋይል ሳይነካ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። በ11ኛው ቀን የሚጠራ ጠጋኝ ያንን መንገድ ተዘግቶ ያገኘዋል።